የሊማሊሞ ዳገት፣ ዊንችና ሻንሲ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ሽሬና ወደ አክሱም የሚያልፈው አውራ ጎዳና ደባርቅን ለቆ ጥቂት እንደ ተጓዘ ከፊቱ ያለው ምድር በድንገት ይጎድልበታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር የሚልቀው ደጋ በገደል ተቋርጦ፣ መንገዱ በሊማሊሞ ግድግዳ ላይ እየታጠፈና እየተጠመዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ወደ ዛሪማ ቆላ ይደርሳል። ማለዳ ደባርቅ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ መንገደኛ ዛሪማ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ጥላ ይፈልጋል። ለጎብኚ ይህ ስፍራ የስሜን ተራሮች መስኮት ነው። ለመካኒካል መሐንዲስ ግን ሊማሊሞ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ ከባድ ሸክም በዚህ ዳገት ሲሳብ፣ ከሚስበው ሞተር፣ ከገመዱ፣ ከማሰሪያውና ከሚሳበው አካል መካከል ቀድሞ የሚሰበረው የትኛው ነው? በካሚዮን ላይ የተተከለው ዊንች ታሪክ ከሞላ ጎደል ለዚህ ጥያቄ የተሰጡት መልሶች ታሪክ ነው።

የቀድሞዎቹ ሲራራ ነጋዴዎች ጥያቄው እንዳይነሣ የሚያደርግ ዘዴ ነበራቸው። ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚሄደው የንግድ መንገድ በሊማሊሞ ሲወጣ፣ ሸክሙ ሁሉ አንድ በቅሎ ወይም አንድ አህያ ሊሸከመው በሚችለው ልክ ተከፋፍሎ ነበር። ሸክሙ ከተከፋፈለ ጉልበቱም ይከፋፈላል፤ አንዲት በቅሎ ብትወድቅ የሚጠፋው የአንዲት በቅሎ ጭነት ነው። በ1762 ዓ.ም. በዚሁ ዳገት ወጥቶ ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ስፍራውን ላማልሞን ብሎ ጠርቶታል። ብሩስ ቀደም ሲል ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ደጋው በሚያወጣው ተራራ ላይ የከዋክብት መለኪያ መሣሪያው ለጭነት ከብት ስላልተመቸ በሰው ትከሻ ማሸከም ግድ ሆኖበት ነበር። ችግሩ የሚጀምረው እንግዲህ ከዚህ ነው፤ ሊከፋፈል የማይችል ዕቃ ሲመጣ።

በአማራ ደጋ ላይ ሊከፋፈል የማይችል ሸክም በታላቅ መጠን የተሳበበት የታወቀው ጊዜ የዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዘመቻ ነው። በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች አቋርጦ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት መቅደላ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ከመድፉ ፊት እየሄዱ መንገዱን ራሳቸው ያሠሩ ነበር። ጉዞው ስድስት ወር ያህል የፈጀው መድፉን መሳብ ብቻ ሳይሆን የሚሳብበትን መንገድ ከአለት ላይ መቁረጥ ስላስፈለገ ነው።

የዚህን ሥራ ስሌት መገመት አይከብድም። 7 ቶን ሸክም 15 ዲግሪ ባዘነበለ ዳገት ላይ ወደ ኋላ የሚጎትተው የክብደቱ ድርሻ ወደ 1.8 ቶን ይደርሳል። በድንጋያማ መንገድ ላይ የጋሪው መንኰራኵር የሚፈጥረው መጓተት የክብደቱ አንድ አምስተኛ ቢሆን 1.4 ቶን ይጨመራል። አንድ ሰው ሳያቋርጥ በ20 ኪሎ ግራም ኃይል ይስባል ቢባል፣ የጋሪው ክብደት ሳይታሰብ እንኳን መድፉን ለማንቀሳቀስ 160 ሰው ያስፈልጋል። መንኰራኵሩ ከድንጋይ ጋር በተጋጨ ቍጥር ደግሞ ቍጥሩ በብዙ እጥፍ ያድጋል። በመቶ የሚቈጠሩ ወታደሮች በጠፍር የሳቡት ለዚህ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የሰዎቹ ብዛት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው ሲደክም ይለቃል፤ እግሩ ሲንሸራተት ይለቃል። በብዙ እጅ የሚሳብ ሸክም በማንኛውም ማሰሪያ ላይ ከሰዎቹ ጉልበት ድምር በላይ ጫና ሊያሳርፍ አይችልም። የጋሪው አካል ሳይፈነቀል መቅደላ የደረሰው ከዚህ ባሕርይ የተነሣ ጭምር ይመስላል። ሞተር ይህ ባሕርይ የለውም፤ እስኪያቅተው ወይም አንድ ነገር እስኪሰበር ድረስ ይስባል።

ሞተር ወደ ጎንደር የገባው ከወራሪ ጋር ነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር የገባው የአኪሌ ስታራቼ ጦር በመቶ የሚቈጠሩ ካሚዮኖች ይዞ ነበር፤ ነገር ግን በሊማሊሞ አልወጣም። ከኡም ሐጀር ተነሥቶ በምዕራቡ ቆላ ዞረ እንጂ በዚያን ጊዜ ካሚዮን በሊማሊሞ ሊወጣ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ኢጣልያኖች አገሩን ከያዙ በኋላ ከአስመራ ወደ ጎንደር የሚወስደውን ጎዳና በዚሁ ገደል ላይ ቈርጠው አወጡ። ሥራው በምህንድስና ረገድ የሚደነቅ ነው፤ የተሠራው ግን አገሬውን ለመግዛት፣ የሠሩትም አብዛኛዎቹ በወራሪው ትእዛዝ ሥር የነበሩ ሠራተኞች መሆናቸው ከአድናቆቱ ጋር አብሮ መነገር ይገባዋል።

በዚህ ጎዳና ላይ የተሰማሩት ካሚዮኖች ሕዝቡ እስከ ዛሬ በስማቸው የሚያስታውሳቸው ናቸው። ትሬንታ ኳትሮ የተባለው ፊያት 634 እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣ፣ 8.3 ሊትር የሚሆን የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት፣ ጉልበቱ ግን ከ80 ፈረስ ጉልበት የማይዘል ካሚዮን ነበር። በ1938 የወጣው ላንቻ 3ሮ ባለ አምስት ሲሊንደር ሞተሩ ወደ 93 ፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። የዛሬ ሾፌር እነዚህን አኃዞች ሲሰማ ፈገግ ይል ይሆናል፤ ከዚህ በላይ ጉልበት ያለው የቤት መኪና ይነዳልና። ከስድስት ቶን በላይ ጭኖ ሊማሊሞን በሚወጣ ካሚዮን ላይ ይህ ጉልበት የሚበቃው በመጀመሪያ ማርሽ፣ በእግረኛ ፍጥነት ሲኬድ ነው። ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ ጎማ አጠገብ በእግሩ ይከተል የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሞተሩ ትንፋሽ ባጠረው ጊዜ ካሚዮኑን ከገደል የሚያድነው ያ የእንጨት ታኮ ነበር።

የጦሩ የመድፍ ጎታቾች፣ ለምሳሌ አራቱም ጎማዎቹ የሚነዱትና አካሉ በወገቡ ላይ የሚተጣጠፈው ፓቬሲ፣ ለመሳብ ተብለው የተሠሩ ነበሩ። የንግድ ካሚዮን ግን ዊንች አልነበረውም። ጭቃ የያዘውን ካሚዮን ሌላው ካሚዮን በሰንሰለት ይስበዋል። በዚህ ዘዴ የተጐዱት ሻንሲዎች በጭነት ከተጐዱት ቢበልጡ የሚያስገርም አይሆንም። ምክንያቱን በቍጥር ማየት ይቻላል። 8 ቶን የሚመዝን ካሚዮን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደ የላላውን ሰንሰለት በድንገት ቢወጥር፣ በእንቅስቃሴው ውስጥ ያለው ኃይለኛ ጉልበት ሁሉ ሰንሰለቱና ማሰሪያው ጥቂት ሲሳቡ ባለው ርቀት ውስጥ መዋጥ አለበት። ገመድ ሆኖ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢለጠጥ ጫናው በከፍተኛው ነጥብ ላይ ወደ 8 ቶን ይደርሳል። ሰንሰለት ሆኖ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሰጥ ወደ 31 ቶን ይወጣል። ሁለቱንም የሳበው ያው ካሚዮን፣ ያው ሾፌር፣ ያው ፍጥነት ነው። ልዩነቱ የሰንሰለቱ ድርቀት ብቻ ነው። ያን ጊዜ የሚበጠሰው የሰንሰለቱ ዘለላ ካልሆነ የሻንሲው የፊት መስቀለኛ ብረት ከሪቬቶቹ ይነቀላል።

የወራሪው ዘመን በዚህ መንገድ ላይ ያለቀው በ1934 ዓ.ም. ነው። ወልቅፊት ላይ መሽጎ በአስመራ በኩል የሚመጣውን ጎዳና ይዘጋ የነበረው፣ ኮሎኔል ጎኔላ የሚመራው፣ 3,000 ያህል ሰው ያለው የኢጣልያ ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከብቦ ከቈየ በኋላ በመስከረም እጁን ሰጠ። ኅዳር 18 ቀን ጎንደር ተለቀቀች። ጥቂት ሺህ ሰው የአንድን ትልቅ ዘመቻ አቅጣጫ ለወራት ማገድ የቻለው ገደሉ ከጎኑ ስለ ነበረ ነው።

ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ከተረከባቸው አስቸጋሪ ጥገናዎች መካከል እንዲህ ያሉ የገደል መንገዶች ነበሩበት። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1945 ዓ.ም.፣ ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተፈተነ አዲስ አሠራር ይዞ መጣ፤ ፊቱ ላይ ዊንች የተተከለበት ባለ 2½ ቶን ካሚዮን። ታሪካችን እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባዋል፤ የሰውን እጅ የማስተዋል ባሕርይ ለብረት ለመስጠት የተደረገው ሙከራ በዚህ መሣሪያ ውስጥ በግልጽ ይታያልና።

የዚህ ዊንች የመሳብ ችሎታ 10,000 ፓውንድ፣ ማለት ወደ 4.5 ቶን ነው። ጉልበቱ ከካምቢዮው ጎን ይወጣና በዘንግ ወደ ፊት ሄዶ በቪቴ ቅርጽ የተሠራ ጥርስ ያዞራል፤ ይህም ትልቁን ጥርሳም ዙር፣ ዙሩም ገመድ የሚጠቀለልበትን ከበሮ ያዞራል። በዘንጉና በዊንቹ መጋጠሚያ ላይ ደግሞ ከቀሪው ሁሉ ለስላሳ ከሆነ ብረት የተሠራች አንዲት ትንሽ ፒን አለች። የመሣሪያው ጥበብ ያለው በእርሷ ላይ ነው። ጫናው ከተወሰነው ወሰን ሲያልፍ ፒኗ ትቈረጣለች፤ ዘንጉ ባዶውን ይዞራል፤ የዊንቹ ፍሬን ከበሮውን ይይዛል፤ ሸክሙም ባለበት ይቆማል። መሐንዲሱ መሰበር የማይቀር መሆኑን ተቀብሎ፣ የሚሰበረው ነገር ርካሽና በቀላሉ የሚተካ እንዲሆን አስቀድሞ ወሰነ። ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያ ፒን፣ ቀጥሎ ገመድ፣ ከሁሉ በኋላ ሻንሲ። ለዚህ ልክ የሚያገለግለው ግማሽ ኢንች ወፍራም የሽቦ ገመድ የሚበጠሰው ወደ 10 ቶን ገደማ ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ ፒኗ በትክክል ከሠራች ገመዱ እጥፍ መተማመኛ አለው።

ፒኗ የምትቈጣጠረው ግን የዘንጉን ጥምዝ ኃይል እንጂ የገመዱን ውጥረት አይደለም። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ብዙ ስሕተት የሚመጣውም ከዚህ ነው። የከበሮው ወገብ 15 ሳንቲ ሜትር፣ የገመዱ ውፍረት 1.2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የመጀመሪያው ድርብ ገመድ ከከበሮው መካከል የሚርቀው 8.1 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አራተኛው ድርብ 11.7። ጥምዝ ኃይሉ ስለማይለወጥ፣ በመጀመሪያው ድርብ 4,500 ኪሎ ግራም የሚስብ ዊንች በሁለተኛው 3,900፣ በሦስተኛው 3,470፣ በአራተኛው 3,115 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይስባል። ሾፌር ገመዱን ጥቂት ብቻ ፈትቶ ሲስብ ዊንቹ «ደከመ» ይላል፤ ዊንቹ ግን አልደከመም፤ ገመዱ በላዩ ስለ ተደራረበ ነው። ሻንሲን የሚነድፍ መሐንዲስ ደግሞ ነገሩን ከሌላው ወገን ማየት አለበት። ያችው ፒን ስትቈረጥ በሻንሲው ላይ የሚያርፈው ትልቁ ውጥረት ከበሮው ሊራቈት በተቃረበበት ጊዜ ያለው ነው። ስለዚህ የዊንቹ መቀመጫ መታሰብ ያለበት በአራተኛው ሳይሆን በመጀመሪያው ድርብ ኃይል ነው።

ፒኗ ለስላሳ በመሆኗ በተደጋጋሚ ትቈረጣለች፤ መቈረጥ ሥራዋ ነው። ጭቃ ውስጥ፣ ዝናብ ላይ፣ ሊመሽ ሲል ፒን የሚቀይር ሰው ግን እንዲህ ብሎ አያስብም። በአገራችን ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለ ዊንች በተሰማራበት ሁሉ የታወቀ ልማድ አለ፤ በፒኗ ፈንታ ከመሣሪያ ሣጥን የተገኘ ጠንካራ ቡሎን ይገባል። ካሚዮኑም በዚያች ሰዓት ከጭቃው ይወጣል፤ ቡሎኑም እንደ ገባ ይቀራል። የቡሎኑ ብረት ጥንካሬ የፒኗን እጥፍ ከሆነ ወሰኑ ከ4.5 ወደ 9 ቶን ከፍ ይላል። ያን ጊዜ የገመዱ መተማመኛ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ አንድ ሽቦው የተቈረጠ ወይም የዛገ ገመድ ከሆነ በፊት የሚሄደው እርሱ ነው። የተወጠረ የብረት ገመድ ሲበጠስ ያጠራቀመውን ጉልበት ሁሉ በመገረፍ ያወጣል፤ በመንገዱ ላይ የቆመ ሰው እግር ይቈርጣል። በገመዱ መካከል ላይ ከባድ ጆንያ ወይም ብርድ ልብስ ጣል ማድረግ፣ ሰውም ከገመዱ ቁመት ሁለት ወገን እንዲርቅ ማዘዝ የመጣው ከዚህ ነው።

ገመዱ አዲስ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ተራው የሻንሲው ነው። የካሚዮን ሻንሲ ሁለት ረጃጅም ቦዮች በመስቀለኛ ብረቶች የተያያዙበት መሰላል ነው። ቦዩ የተነደፈው ከላይ ወደ ታች የሚመጣውን ጭነት እንዲሸከም ነው፤ በጎን ለሚመጣ ኃይል ደካማ ነው። ምን ያህል ደካማ? ቁመቱ 20፣ የክንፉ ስፋት 7 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቦይ ብንወስድ፣ ከላይ ወደ ታች መታጠፍን የሚቋቋምበት ልክ 112 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሲሆን በጎን ግን 15.7 ብቻ ነው። ሰባት እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። አሁን ዊንቹ ከመጨረሻው መስቀለኛ ብረት 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ወጥቶ በሁለቱ ቦዮች ጫፍ ላይ ተተክሏል እንበል። ገመዱ በ5 ቶን ውጥረት ከካሚዮኑ አቅጣጫ 30 ዲግሪ ወደ ጎን ቢሳብ፣ በጎን የሚመጣው ድርሻ 2.5 ቶን ነው። ሁለቱ ቦዮች እኩል ቢካፈሉት እንኳን በእያንዳንዱ ላይ በሴንቲ ሜትር ካሬ ወደ 4,800 ኪሎ ግራም ጫና ያርፋል። ተራ ብረት ወደ 2,400 ገደማ ሲደርስ ተጣምሞ ላይመለስ ይቀራል። ያው 2.5 ቶን ከላይ ወደ ታች ቢመጣ ግን ጫናው 670 ብቻ በሆነ ነበር።

በዚህ ስሌት ላይ የሊማሊሞ መንገድ ራሱ ይመጣበታል። በጥምዝምዙ ላይ ከጠርዝ የወጣ ካሚዮን ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ከፊት አይገኝም፤ ሳቢው ካሚዮን መቆሚያ የሚያገኘው በማጠፊያው ላይ ብቻ ስለ ሆነ ገመዱ በጎን ይሄዳል። ስለዚህ በዊንቹ ፊት አራት ማዕዘን ሠርተው የሚቆሙት ተሽከርካሪ ብረቶች ገመዱን ከመፋቅ ማዳን ብቻ አይደለም ሥራቸው፤ የጎኑ ኃይል በምን ነጥብ ወደ ሻንሲው እንደሚገባ ይወስናሉ። ከፊተኛው መስቀለኛ ብረት አጠገብ ከተተከሉና ቦዮቹ በሰያፍ ብረት ከተያያዙ ሁለቱ ደካማ ቦዮች እንደ አንድ ሰፊ አካል ይሠራሉ። በፓራውልቱ ላይ ብቻ ከተበየዱ ግን ፓራውልቱ ዊንቹን ይዞ ይነቀላል። አንድ ጋራዥ ለካሚዮን ዊንች ሲተክል የሥራው መልካምነት የሚታወቀው ከብየዳው ማማር ሳይሆን ከሰያፉ ብረት ነው። ብየዳ ደግሞ በራሱ መጠንቀቂያ አለው፤ በቦዩ የታችኛው ክንፍ ላይ በአግድም የተሳበ ብየዳ ስንጥቅ የሚጀምርበት ስፍራ ነው፤ በወገቡ ላይ በቡሎን ማሰር ይሻላል።

ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ጦሩ የያዛቸው የሶቪየት ካሚዮኖች ለዚሁ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ይዘው ነበር። ዚል 131 እንደ አሜሪካኖቹ ዊንቹን በፊቱ ተሸክሞ የሚቈረጥ ፒን አለው። ኡራል 375 ግን 7 ቶን የሚስበውን ዊንች ወደ ሻንሲው ኋለኛ ክፍል አግብቶ ገመዱን በኋላ ያወጣዋል። ይህ አቀማመጥ ኃይሉን የሚያሳርፈው ሻንሲው ከሁሉ በሚጠነክርበት፣ በኋለኞቹ ሁለት አክስሎች አጠገብ ነው። ሌላውን ለማውጣት ከፊቱ ዊንች ይመረጣል። ራሱን ለማውጣት ግን ወደ መጣበት ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚስበው፤ ዳገት ለሚወጣ ካሚዮን ይህ ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

የሳቢው ካሚዮን አስተሳሰር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ነው። ዊንቹ ሸክሙን ከማምጣት ይልቅ ካሚዮኑን ራሱን ወደ ሸክሙ ሲጎትተው ሾፌሩ ታኮ ያስገባል፤ ታኮው ካልበቃ የካሚዮኑን ጀርባ ከወይራ ወይም ከጥድ ግንድ ጋር ያስራል። ከኋላ መንጠቆ ሲታሰር ግን የገመዱ ውጥረት ሁሉ ከፊት ዊንች እስከ ኋላ መንጠቆ በሻንሲው ሙሉ ርዝመት ያልፋል፤ በእያንዳንዱ ሪቬትና መጋጠሚያ ላይ። ሻንሲ በርዝመቱ እንዲጎተት አልተነደፈም። ማሰሪያው ከዊንቹ አጠገብ፣ ከፊተኛው መንጠቆ ቢደረግ ኃይሉ በአንድ ሜትር ውስጥ ገብቶ ይወጣል፤ የቀረው ሻንሲ ነገሩን አያውቀውም።

የአሜሪካ ጦር የመኪና ማውጫ መመሪያ ለዚህ ሥራ ቀላል የግምት ሕግ አስቀምጧል። እስከ ጎማው ቁመት በጭቃ የተያዘ መኪና የሚያሳየው መጓተት ከክብደቱ ጋር እኩል ነው፤ እስከ ጭቃ መከላከያው ከተዋጠ እጥፍ። ለያንዳንዱ የዳገት ዲግሪ ደግሞ የክብደቱ አንድ ስድሳኛ ይጨመራል። በመዘውር ሲሳብ ለያንዳንዱ መዘውር የመጓተቱ አንድ አሥረኛ ይታከላል። እንግዲህ በክረምት ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን ካሚዮን ወደ ዛሪማ ሲወርድ ወይም ከዛሪማ ሲወጣ፣ 10 ዲግሪ በሆነ ዳገት ላይ እስከ ጎማው ጭቃ ያዘው እንበል። መጓተቱ 11.7 ቶን ነው። ባለ 4.5 ቶን ዊንች በነጠላ ገመድ ሊያወጣው አይችልም። በሁለት መዘውር ሦስት ገመድ ሲሆን በእያንዳንዱ ላይ 4.7 ቶን ያርፋል፤ አሁንም ከወሰኑ ያልፋል፤ ቡሎን ወደ ፒን ቦታ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በሦስት መዘውር አራት ገመድ ሲሆን ግን 3.8 ቶን ብቻ ይሆናል፤ ይህም ከበሮው እስከ ሁለተኛው ድርብ ድረስ ተፈትቶ ከሆነ ብቻ የሚቻል ነው። ሥራው ሰዓት ይፈጃል፤ ገመዱ ተመላልሶ መታጠፍ፣ መዘውሩ መታሰር አለበት፤ ከኋላ የቆሙት ካሚዮኖች ጥሩምባ ያሰማሉ። ቢሆንም ፒኗ አትቈረጥም።

በሚሳበው ካሚዮን በኩል ያለውም ያን ያህል ያስባል። 11.7 ቶን በአንዱ የፊት መንጠቆ ብቻ ቢገባ አንዱ ቦይ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሌላው ይቀራል፤ የሻንሲው አራት ማዕዘን ወደ ሰያፍ ይለወጣል። ካሚዮኑ ከወጣ በኋላ ጎማው አለ ምክንያት በአንድ ወገን ሲበላ ምሥጢሩ ይህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም መንጠቆዎች በአንድ ገመድ ተያይዘው ከመካከል ይሳባሉ። የገመዱ ሁለት እግሮች አንግል 60 ዲግሪ ሲሆን እያንዳንዱ እግር የሸክሙን 58 በመቶ ይይዛል፤ ቦዮቹንም እርስ በርስ በ3.4 ቶን ኃይል ይጨብጣቸዋል። አንግሉ ወደ 120 ሲሰፋ እያንዳንዱ እግር ሙሉውን ሸክም ይይዛል። ገመዱን በአንድ ክንድ ማስረዘም ይህን ሁሉ ያቀልላል፤ ወጪውም ምንም ነው።

ከዚሁ መንገድ ጫፍ፣ አክሱም ላይ፣ የማይከፋፈለው ሸክም ጥያቄ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል። በ1929 ዓ.ም. በካሚዮን ተጭኖ ወደ ምጽዋ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ኢጣልያ የተወሰደው 24 ሜትር ርዝመት ያለው ሐውልት በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተመለሰ። በ2000 ዓ.ም. ሲተከል መሐንዲሶቹን ካሳሰቧቸው ነገሮች አንዱ የሚነሣው ድንጋይ ብቻ አልነበረም፤ አጠገቡ ዘመም ብሎ የቆመው ሐውልት በሥራው ንዝረት እንዳይጐዳ አስቀድሞ በገመድ ተደግፎ ነበር። ገመድ እዚህ ለመሳብ ሳይሆን ለመያዝ አገለገለ።

የኋላ ዘመን ዊንቾች በኤሌክትሪክ ወይም በዘይት ግፊት ይሠራሉ። የዘይቱ ዓይነት በግፊት መልቀቂያ ቫልቭ የፒኗን ሥራ ይወርሳል፤ ወሰኑ ሲደርስ ዘይቱን ይለቃል፤ ሲቀንስ ደግሞ ራሱ ይመለሳል። ቫልቩን ያጠበቀ ሰው ግን ፒኗን በቡሎን እንደ ለወጠው ነው። የኤሌክትሪኩ ዓይነት ብዙ ጊዜ ያለው መከላከያ በሙቀት የሚቋረጥ ነው፤ ሙቀት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሻንሲው ግን በአንድ ቅጽበት ይጣመማል። ስለዚህ መቀመጫው ሞተሩ ተጨንቆ እስኪቆም ድረስ የሚስበውን ኃይል ሁሉ ለመሸከም መነደፍ አለበት። ሰው ሠራሽ ገመዶች ቀላል ናቸው፤ ሲበጠሱም እንደ ብረቱ አይገርፉም፤ በሊማሊሞ አለት ላይ ግን ሲፋቁ ቶሎ ይበላሉ።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል። ያወጡት ሰዎች የተጠቀሙበት ጠፍር በስብሶ ጠፍቷል፤ መድፉን ግን ከዚያ ወዲህ ያወረደው የለም።